ጋዋኑን ትታችሁ ፈቃዱን ጠይቁ!

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት ከተማው በሁለት ነገር ይሞላል፤ በለቅሶና በኮሌጅ ማስታወቂያ። በአንዱ ግቢ ልጅቷ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች፣ እናት «ምን ይሻላል?» እያለች ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች፣ በታክሲው ራዲዮ ደግሞ አንድ ለስላሳ ድምፅ ምዝገባ መጀመሩን ያበስራል። በየመብራት ምሰሶው ላይ ጋዋን ለብሳ ጥቁር ቆብ የደፋች ቆንጆ ልጅ ትስቃለች። ጥርሷ ያምራል። ኮሌጁ ያንን ትምህርት ለማስተማር ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ግን ፖስተሩ ላይ አልተጻፈም።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ሳንዋሽ እንነጋገር። በግ ተራ ስንወርድ ምን እናደርጋለን? የበጉን ወገብ እንጨብጣለን፣ ላቱን እንመዝናለን፣ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፣ ሦስት ነጋዴ ዘንድ እንዞራለን፣ ተቆጥተን ሄደን መልሰን እንመጣለን። ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን በዓል ነው። የልጃችንን አራት ዓመትና የቤቱን ጥሪት የምናስረክበውን ኮሌጅ ስንመርጥስ ምን እንጠይቃለን? «ለታክሲ ይቀርባል ወይ?» «የአክስትሽ ልጅ እዚያ አይደል እንዴ የተማረችው?» «ስሙ ላይ ኢንተርናሽናል የሚል አለበት!» አለቀ፣ ደቀቀ። ከዚያ ስለ ፎቁ መስታወትና ስለ ሊፍቱ እናወራለን። የኮሌጁ ሊፍት መሥራቱ ለልጁ የሚጨምርለት የአካውንቲንግ ዕውቀት ካለ ይነገረኝ።

«ዲግሪ የሌለህ ሰው ስለ ዲግሪ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ እኔ የዲፕሎማ ሰው ነኝ። ግን ወሬ ፍለጋ በየኮሌጁ በርና በየሬጅስትራሩ መስኮት ስቆም ዓመታት አልፈውኛል። በዚያ መስኮት በኩል እያለቀሱ የሚመለሱትን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ከቁጥሩ እንነሣ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ደረሰ። ሹማምንቱ «ኩረጃን አስቀርተን እውነቱን አወጣነው» ይላሉ። ይሁን፣ እውነቱ መውጣቱን ማንም አይጠላም። ግን እነዚህን ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል እያሳለፈ ያመጣቸው ማን ነው? መጽሐፍ ያላዳረሰው፣ መምህሩን በማይበቃ ደመወዝ ያስቀመጠው፣ ላብራቶሪ የሚል ታፔላ ለጥፎ ክፍሉን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ያደረገው ማን ነው? ልጁ ወደቀ ይባላል። ከልጁ በፊት የወደቀውን የሚቆጥር የለም።

አሁን ወደተነሣሁበት ልመለስ። ቤተሰብ ኮሌጅ የሚመርጠው በዚህ ድንጋጤ መሃል ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ጥሩ ገበያተኛ አይሆንም። ለዲግሪ የሚያበቃ ውጤት ያልያዘን ልጅ «ግድ የለም፣ አሁን ተመዝገብ፣ እናስተካክለዋለን» የሚል ኮሌጅ ሲገኝ እናት እግዜር ይስጥልኝ ብላ እጅ ትነሣለች። የሚስተካከል ነገር የለም። የመግቢያ መስፈርቱን ሳያሟላ የገባ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በግ ታርዶለት ሲያበቃ ማስረጃው ለማጣራት በተላከ ቀን ጉዱ ይወጣል። የዚያን ቀን «እናስተካክለዋለን» ያለው ሰውዬ ወይ ሥራ ለቋል፣ ወይ ስልክ አያነሣም። መስፈርቱን ለማሟላት ሕጋዊው በር የማካካሻው ትምህርት፣ ያ ሬሚዲያል የሚሉት ነው፤ እሱንም ቢሆን ማን ሊወስደው እንደሚችል ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን መስፈርት አይቶ ነው እንጂ የኮሌጁን ጸሐፊ ቃል አምኖ አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይብሳል። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ተሰጠ። ይህ ፈተና ማለት አንድ ተማሪ የዲግሪ ትምህርቱን ጨርሶም 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም ማለት ነው። የተፈተኑት 150,184 ነበሩ። ያለፉት 61,054። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632 አለፉ፣ 62 በመቶ ግድም ማለት ነው። ከግሎቹስ? ከ72,203 ተፈታኞች ያለፉት 12,422 ነበሩ። 17 በመቶ!

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ከግል ኮሌጅ ከመጡ 100 ልጆች 83ቱ ወደቁ። እነዚህ ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ብሏል። ግን እነዚሁ ልጆች በየሴሚስተሩ በኮሌጃቸው ተፈትነው «አልፋችኋል» ተብለዋል። ኤ እና ቢ የተደረደረበት የውጤት ወረቀት በእጃቸው አለ። የራሱ መምህር ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ ያሳለፈው ተማሪ በአንድ ቀን የጋራ ፈተና ሲወድቅ፣ ወይ ፈተናው ከማይገናኝ ቦታ መጥቷል ወይ ኮሌጁ ሲሰጠው የነበረው ኤ ከክፍያው ደረሰኝ ጋር የሚታደል ምርቃት ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀርብ አንባቢ ይፍረድ። የመንግሥቱም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም፤ ከ10 ተማሪ አራቱ ሊወድቁ ጥቂት የቀራቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ደህና የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች አሉ፣ የግሉን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትቶ መምታት ግፍ ነው። ችግሩ ደህናውም ሌባውም በአንድ ምሰሶ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጋዋን፣ በአንድ ዓይነት ፈገግታ መለጠፋቸው ነው። ታዲያ በምን እንለያቸው?

በመጀመሪያ በፈቃድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልናገር። ኮሌጁ «ፈቃድ አለኝ» ማለቱ ብቻውን ምንም አይደለም። የዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለምና። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ አሰጣጥ፣ ማለትም ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል ወይም አይታደስም። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ በአንዱ ሰፈር ለማኔጅመንት ፈቃድ ኖሮት በሌላው ሰፈር ነርሲንግ ያለፈቃድ ቢያስተምር፣ በሩ ላይ የሰቀለው የዕውቅና ወረቀት እውነተኛ ነው፤ ልጃችሁ የሚማረው ግን ሕገወጥ ትምህርት ነው። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። ወረቀቱ አይዋሽም፣ ወረቀቱን የሰቀለው ነው የሚዋሸው።

አንዲት የማውቃት ሴት ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራች ወንድሟን አስተምራለች። ስሟንም የኮሌጁንም ስም አልጠራም። በየሦስት ወሩ ስትልክ ኖረች። ለራሷ አንድ የወርቅ ቀለበት እንኳ አልገዛችም። ወንድምየው ተመረቀ፣ የምረቃው ፎቶ በትልቁ ታጥቦ ሳሎን ተሰቀለ፣ እሷም ፎቶውን በስልኳ አየችና አለቀሰች። ከዚያ ልጁ ሥራ ተወዳደረ፣ አለፈም። መሥሪያ ቤቱ ማስረጃውን ለማጣራት ላከ። የመጣው መልስ ልጁ በተማረበት ካምፓስ ለዚያ ትምህርት ክፍል በዚያ ዓመት የተሰጠ ፈቃድ የለም የሚል ነበር። ኮሌጁ ሲጠየቅ «በሂደት ላይ ነበርን» አለ። ሂደት! የእሷ አራት ዓመት የሰው ቤት ሽንት ቤት ማጠብ «በሂደት» ተበላ። ገንዘቧ አልተመለሰም። ፎቶው እስከማውቀው ድረስ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል፤ ማን ያውርደው?

ይህን ጉድ እንዲቆጣጠር የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የለም እንዳይባል አለ። በ1995 ዓ.ም በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የአግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ኋላ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተተካ። ስሙ ረዘመ፣ ታፔላው ተቀየረ። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የእሳት አደጋን ይመስላል፤ የሚደርሰው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ኮሌጁ ሦስት ዙር አስመርቆ ሲያበቃ «ሕገወጥ ነበር፣ ዘግተነዋል» የሚል መግለጫ ይወጣል። ለተዘጋው ኮሌጅ መግለጫ አለ፣ ለተዘጋባቸው ልጆች ግን ምን አለ? በቅርቡም ዳግም ምዝገባ ተብሎ የግል ኮሌጆች እንደገና ሲጣሩ ብዙዎቹ መስፈርቱን ሳያሟሉ ቀርተዋል። ማጣራቱ መልካም ነው፣ እሰየው። የሚያናድደው ትናንት ፈቃድ የሰጠውም ዛሬ «አይመጥንም» የሚለውም ያው መንግሥት መሆኑ ነው። መሃል ላይ የተገኘችው ተማሪ ከፍላበታለች።

የመንግሥት ነገር ድሮም እንዲህ ነው። በ2002 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር ድንገት ብድግ ብሎ የርቀት ትምህርት ታግዷል፣ የግል ተቋማትም ሕግና መምህርነት አያስተምሩም ሲል ያወጀውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የርቀቱን ኋላ ላይ መልሶ ፈቀደ። በመካከሉ ስንቱ የክፍለ ሀገር መምህርና የቀበሌ ሠራተኛ ሞጁሉን ታቅፎ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» እያለ ከረመ! ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጡ የዛሬውን ብቻ አትዩ። ኮሌጁ ስንት ዓመት ቆየ? በእነዚያ ማዕበሎች ውስጥ ተማሪዎቹን ይዞ ወጣ ወይስ በትኗቸው ስሙን ቀይሮ ሌላ ሰፈር ተከፈተ? የቀድሞ ተመራቂ ፈልጋችሁ ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ የምትስቀዋን ሳይሆን፣ ወረቀቱን ይዞ ሥራ የሚፈልገውን።

ሁለተኛው ጥያቄ የመውጫ ፈተና ነው። «ባለፈው ዙር ልጄ ከምትገባበት ትምህርት ክፍል ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» በሉ። ይህ ጥያቄ ነውር የለበትም። የሚያኮራ ውጤት ያለው ኮሌጅ ገና ሳትጨርሱት ይመልስላችኋል። የሌለው ደግሞ ወሬውን ወደ ካፌው፣ ወደ ዋይፋዩና ወደ ምረቃው አዳራሽ ያዞረዋል። ሲያዞርባችሁ ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ። «በአጠቃላይ ጥሩ ነን» የሚል መልስም አይበቃም፤ አንዱ ክፍል ጥሩ ሆኖ ሌላው ባዶ የሆነበት ስንት ኮሌጅ አለ።

ሦስተኛው መምህሩ ነው። ቋሚ መምህር ስንት አላችሁ? አብዛኞቹ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በታክሲ እየተሯሯጡ የሚመጡ ናቸው ወይ? መምህሩ ላይ አልፈርድም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ለቤት ኪራይ አልበቃ ሲል ቀን እዚያ፣ ማታ እዚህ፣ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ያስተምራል። ግን በሳምንት አራት ኮሌጅ የሚዞር ሰው ፈተና የሚያርመው መቼ ነው? ተማሪው ያልገባውን የሚጠይቀው የት አግኝቶት ነው? ታክሲ ተራ? ለጤና ትምህርት ከሆነ ደግሞ «ልምምድ የሚወጡት የትኛው ሆስፒታል ነው? ውል አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መርፌ መውጋትን በፕላስቲክ አሻንጉሊት ብቻ የተማረች ነርስ አልጋችሁ አጠገብ ብትቆም ምን ይሰማችኋል?

ቴክኒክና ሙያን የወደቀ መጣያ አድርገን የምናይበት ነገርም ይቅር። ልጁ እጁ ከሠራ፣ ኤሌክትሪኩንም ብየዳውንም በወጉ ተምሮ የብቃት ምዘናውን ካለፈ፣ ፈቃድ ከሌለው «ዲግሪ» ይልቅ በሐቅ እንጀራ ይበላል። ቤታችሁ ውኃ ቢያፈስ ማኔጅመንት የተመረቀውን ነው የምትጠሩት?

የተሳካላቸው፣ ያቺን 50 ያለፉትስ? እነሱም ቢሆኑ ምርጫ አላቸው ማለት ይከብዳል። ፎርም ይሞላሉ፣ ሚኒስቴሩ ይመድባል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ አስመራን ትተን፣ አዲስ አበባና አለማያ የሚባሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩን፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በወረቀት ሲታይ የምርጫ ብዛት ነው። ግን የዚህ አገር ወላጅ ያንን ፎርም ሲሞላ የሚያየው የዩኒቨርሲቲውን ላይብረሪ አይደለም፤ መንገዱን ነው። «የት ትማር?» የሚለው ጥያቄ «በየት በኩል ትሂድ?» በሚለው ተተክቷል። ይህን የፈጠረው የወላጅ ፍርሃት ነው የሚል ካለ፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ቤተሰቦች ይጠይቅ። ለወራት ወሬያቸውን አጥተው ቀን ሲቆጥሩ ከርመዋል። በዚያው ሰሞን በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለው ብጥብጡ ወደ ሌሎች ካምፓሶችም ተዛምቶ ስንቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በሰኔ 2016 ዓ.ም መጨረሻም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ቆመው ተሳፋሪዎቹ ተወስደዋል። ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ ለመምጣት ቤዛ የሚከፈልበት አገር ውስጥ «በፍላጎትህና በችሎታህ ምረጥ» የሚለው ምክር ከአፍ አያልፍም። ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ብቻ ሥራ አይደለም፣ አውቃለሁ። መንገድ መጠበቅ የማን ሥራ እንደሆነ ግን መንግሥት ራሱ ያውቃል።

ነፃ ነው የሚባለውም ነፃ አይደለም፤ ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ወጪ መጋራት የሚባል አለ፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ስለዚህ የመንግሥቱ ተማሪም ገዢ ነው፤ የከፈለበትን የመጠየቅ መብት አለው።

እሺ፣ ልጁ ገባ እንበል። ቀለብ ተሰፈረለት፣ ዶርም ተሰጠው፣ ወይም ደግሞ የማታ ተማሪ ሆኖ ከሥራ በቀጥታ ክፍል ይገባል። ከዚህ በኋላስ?

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው። በ2012 ዓ.ም የአንደኛ ዓመቱ የጋራ ትምህርት ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው የትምህርት ክፍል የሚደርሰው በአንደኛ ዓመት ውጤቱ ነው። ልጁ ግን ገና ከቤት ወጥቶ ነፃነት ያየበት ጊዜ ነው። «ፍሬሽ ነኝ፣ ልላመድ» ሲል ሚድ ይደርሳል፣ ሚድ ሲያልፍ «ፋይናል ላይ አካክሰዋለሁ» ይላል። ሜዲስን ብሎ የመጣው ልጅ ስሙን ሰምቶ በማያውቀው ትምህርት ክፍል ራሱን ያገኘዋል። ሜዲስንም ቢሆን ዱሮ እንደምናስበው ዋስትና አይደለም፤ ሥራ ያጡ ሐኪሞች አሉን፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ አልበቃ ብሏቸው ሥራ እስከማቆም ደርሰው የታሰሩም ነበሩ። ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ደም ማየት የማይወድ ከሆነ ስለ እናንተ ክብር ብሎ ሰባት ዓመት አይሰቃይ።

ሌላው እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ በአማርኛ ያስረዳል፣ ሃንድአውቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ትምህርቱ የገባው ይመስለዋል፣ ጥያቄው ግን አይገባውም። ይህን ጉድጓድ ማንም አይሞላለትም፣ ራሱ ነው የሚሞላው። በቀን አምስት ገጽ ከመማሪያ መጽሐፉ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ያንብብ። ሃንድአውት የትምህርቱ አጥንት ነው፤ አጥንት ግጦ የጠገበ የለም። የመውጫ ፈተናው ደግሞ የሚያወጣው ከአራቱም ዓመት ነው። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ደብተሩን ለሱቅ መጠቅለያ የሰጠ ልጅ መጨረሻ ላይ ምን ይዞ ያጠናል? ፈተናው በኮምፒውተር ነውና ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው ያን ቀን እንዳይሆን።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድም። በየካምፓሱ ዙሪያ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየምሰሶው «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። ማማከር ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገንዘብ ከፍለህ ስምህ የተጻፈበት ጥራዝ ትቀበላለህ። ይህን የሚያነብ ተማሪ ካለ አንድ ነገር ልበለው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ራስህ የምትሠራው፣ ሰው ጠይቀህ፣ ቁጥር ሰብስበህ፣ አስበህ የምትጽፈው ብቸኛ ነገር እሱ ነው። እሱንም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ከሰጠኸው እውነተኛው ምሩቅ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። የሥራ ላይ ልምምዱም እንደዚያው ነው። ብዙው ሄዶ ቁጭ ብሎ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል። አንድ ወር መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብተህ አንድ ሠራተኛ ሥራውን እንዲያሳይህ ካልለመንክ፣ ከተመረቅክ በኋላ «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለውን ማስታወቂያ እያነበብክ አትርገም።

የግል ኮሌጅ ተማሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። የከፈለበትን እያንዳንዱን ደረሰኝ፣ የየሴሚስተሩን የውጤት ወረቀት፣ የመግቢያ ደብዳቤውን ቅጂ በአንድ ፋይል ያስቀምጥ፤ ቅጂውን ደግሞ ሌላ ቤት። ኮሌጁ ነገ ቢዘጋ፣ ባለቤቱ ቢሰወር፣ ሬጅስትራሩ ቢቃጠል «ተምሬያለሁ» የሚልበት ያ ፋይል ብቻ ነው። በየሴሚስተሩም ከመክፈሉ በፊት ፈቃዱ እንዳልተሻረ በባለሥልጣኑ ዝርዝር ወይም በአካል ሄዶ ይጠይቅ። አንድ ቀን ታክሲ መጋፋት ከአራት ዓመት ይቀላል።

ግን ይህ ሁሉ ሸክም ለምን በእናትና በልጅ ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል? ከገጠር የመጣች እናት ሬጅስትራር የሚባለውን ቃል እንኳ አፏ አይለምደውም፤ የት ሄዳ ፈቃድ ታጣራ? ሥጋ ቤት የተሰቀለው ሥጋ እንኳ የቄራ ማኅተም አለበት፤ ገዢው ቀና ብሎ ያየዋል። ኮሌጅስ? ለየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ካምፓስ፣ እስከ መቼ ፈቃድ እንዳለው በኮሌጁ በር ላይ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በሚነበብ ፊደል ይለጠፍ። ከሥሩም ያለፈው ዓመት የመውጫ ፈተና ውጤት በየትምህርት ክፍሉ፣ የተፈተነውና ያለፈው ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍ። ራዲዮ ላይ የሚያስነግር ኮሌጅም ከስልክ ቁጥሩ በፊት የፈቃዱን ቁጥር ይናገር። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይህን ለማዘዝ ኮሚቴም ጥናትም አያስፈልገውም። አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል፤ የሚቀጥለው ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት።